በሩን ዘግቶ ቀዳዳውን መተው

የ2012 ዓ.ም. ጥምቀትን ያከበርኩት በትውልድ አገሬ በጉንደ ወይን ነበር። ከቢቸና ወደ ሞጣ ያለፈ ሰው ከተማዋን ያውቃታል፤ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከከተራ አንድ ቀን ቀደም ብዬ የአጎቴን የመሬት ይዞታ አቤቱታ ለማስጻፍ በመንገድ ዳር ወዳለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። እንዲህ ያለችውን ቤት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ለጉርድ ፎቶ የተሰቀለ ነጭ ጨርቅ፣ በሩ ላይ ደግሞ ወረፋ የሚጠብቅ ባለጉዳይ። የሥራ ማመልከቻው፣ የፍርድ ቤት ክሱ፣ የዕድር ደንቡ፣ የሠርግ ጥሪው፣ የመምህሩ የፈተና ወረቀት ሁሉ የሚጻፈው እዚያ ነው። መሥሪያ ቤቶቹም ፕሪንተራቸው ሲበላሽ ደብዳቤያቸውን በፍላሽ ይዘው የሚሮጡት ወደዚያው ነው።

ወጣቱ የቤቱ ባለቤት አቤቱታውን ሲጽፍ ዓይኔ በስክሪኑ ጥግ ላይ ካለች ቀይ ምልክት ላይ አረፈ። አፕዴቱ ተዘግቷል። «ለምን ዘጋኸው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ካርድ ይበላል። ደግሞ አፕዴት ከተደረገ ‹ኦርጅናል አይደለም› ብሎ ስክሪኑን ያጠቁርብኛል። ፎርማት ያደረገልኝም ልጅ እንዳትነካው ብሎኛል።»

ሦስቱም ምክንያቶች እውነት ናቸው፤ ልጁ ሰነፍ አይደለም። ፈቃዱን ጠይቄ ማሽኑን ስመረምር ዊንዶውስ ሰቨን ሆኖ አገኘሁት። ማይክሮሶፍት ለዚህ ዊንዶውስ በነጻ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ጥገና ያቆመው ገና ከአራት ቀን በፊት፣ ጥር 5 ቀን ነበር። የማሽኑ ችግር ግን የአራት ቀን አልነበረም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የወጣው፣ በዓለም ዙሪያ ሆስፒታሎችንና ፋብሪካዎችን ያንበረከከውን ቀዳዳ የሚደፍነው ጥገና እንኳ አልተጫነበትም። ሦስት ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? በዚያው ቤት ግድግዳ ላይ ግን አዳዲስ ፊልሞች በፍላሽ እንደሚጫኑ የሚገልጽ ዝርዝር ከነዋጋው ተለጥፏል።

ፊልሙ በወር ውስጥ ጉንደ ወይን ይደርሳል፤ ጥገናው በሦስት ዓመት አይደርስም። «ድህነት ነው» የሚለውን መልስ አልቀበለውም። ጥገናው በነጻ ነው፤ መጠኑም ከአንድ ፊልም እጅግ ያንሳል። የጎደለን ሌላ ነው። ተፈራርቀው የገዙን ሰዎች «የመረጃ ደኅንነት» ሲሉ በሐሳባቸው የሚመጣው ሰው የሚያወራውን መስማትና፣ ወሬው ካልጣማቸው መስመሩን መቁረጥ ነው። የዜጋውን ቤት ቀዳዳ መድፈን ከደኅንነት ሥራ ተቆጥሮ አያውቅም።

ቀዳዳው ምን እንደነበረ ቴክኒክ ለማይወዱ አንባብያን ጭምር በአጭሩ ልግለጸው። በአንድ ቢሮ ያሉ ኮምፒውተሮች ፋይልና ፕሪንተር ሲጋሩ የሚነጋገሩበት ቋንቋ አላቸው፤ ስሙ ኤስ.ኤም.ቢ. ይባላል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአይ.ቢ.ኤም. ቤት ነው። ያኔ በአንድ ክፍል ሽቦ ላይ የተያያዙ ጥቂት ማሽኖች እርስ በርስ እንዲተማመኑ ተደርጎ የተሠራ፣ ሌባ ይመጣል ተብሎ ያልተጠረጠረበት ቋንቋ ነው። ማይክሮሶፍት ወረሰው፤ የመጀመሪያው ዝርያው ሊጣል ሲገባው ለአሮጌ ማሽኖች ሲባል ለአሠርት ዓመታት በዊንዶውስ ውስጥ ኖረ። ጥያቄ የሚቀበለው ቁጥር 445 በሚባለው የኔትወርክ በር በኩል ነው።

በዚህ በር ከሚገቡት ነገሮች አንዱ የፋይል ጠባይ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ በአሮጌ አጻጻፍ ሲመጣ ዊንዶውስ ወደ አዲሱ አጻጻፍ መገልበጥ ይኖርበታል፤ ከመገልበጡ በፊትም ስንት ቦታ እንደሚፈልግ ያሰላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ሆን ተብሎ የተጋነነ ሠንጠረዥ ሲመጣ ስሌቱ የቁጥሩን ግማሽ ብቻ ያስተካክልና ሌላውን ግማሽ ይዘነጋል። አንድ ቁና በሚይዝ አቁማዳ ላይ ጭነት ሙሉ ጤፍ መገልበጥ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ትርፉ መሬት ላይ አይፈስም፤ ከጎን ወዳለው የማሽኑ ማኅደረ ትውስታ ይገባል። ሌባው ይህን ትርፍ የራሱ ትእዛዝ አድርጎ አሰናድቶታል። ሥፍራው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት በመሆኑም የይለፍ ቃል የሚጠይቀው የለም። የማሽኑ ባለቤት አንዳች ነገር መክፈት ወይም መጫን አያስፈልገውም፤ ማሽኑ መብራቱና ከሽቦው ጋር መያያዙ ይበቃል።

የአሜሪካው የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ይህን ቀዳዳ ለዓመታት ያውቀው ነበር። አውቆም ለሠሪው አልተናገረም፤ ኢተርናል ብሉ የሚል ስም ያለው መሰርሰሪያ ሠርቶ ሌሎችን ሲሰልልበት ኖረ። በመጨረሻ መሰርሰሪያው ራሱ ተሰረቀ። ማይክሮሶፍት ጥገናውን መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. አወጣ። ሻዶው ብሮከርስ ነን የሚሉት ሰዎች መሰርሰሪያውን ለዓለም ሁሉ የበተኑት ሚያዝያ 6 ቀን ነው፤ በእኛ ዘንድ የስቅለት ዕለት፣ ሕዝቡ በስግደት ላይ ሳለ። ግንቦት 4 ቀን ዓርብ ዋናክራይ የተባለው ትል ተነሣ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን ካልከፈላችሁ አለ። በእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች ወደ 19 ሺህ የሚጠጉ የሕክምና ቀጠሮዎች ተሰረዙ። ጥገናው ሁለት ወር ሙሉ እየጠበቃቸው ነበር! (የትሉ የቤዛ ጥያቄ በ28 ቋንቋዎች ተጽፏል፤ አማርኛ ከመካከላቸው የለም። ሌባው እንኳ ከሰው አልቆጠረንም ብዬ ብስቅ ይፈረድብኛል?)

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ፤ ምክንያቱም የዋናክራይ ታሪክ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ የሚናገር አንድ ዝርዝር አለ። ትሉ የያዘውን ማሽን ከመቆለፉ በፊት አንድ ትርጉም የለሽ ረጅም የድረ ገጽ አድራሻ ይጠራ ነበር። አድራሻው ከመለሰለት ሥራውን ትቶ ይተኛል፤ ካልመለሰለት ይቆልፋል፤ ይባዛልም። ማርከስ ሃቺንስ የተባለ የ22 ዓመት እንግሊዛዊ ባለሙያ ያንን አድራሻ ባለቤት እንደሌለው አይቶ ወደ 11 ዶላር ከፍሎ አስመዘገበው፤ ወረርሽኙም በዚያው ዕለት መገታት ጀመረ። ልብ በሉ፦ ከዚያ ሰዓት በኋላ ከዚህ ትል የሚያመልጠው ያልተጠገነ ማሽን ኢንተርኔት ያለው ማሽን ነው። ኢንተርኔት የሌለው ማሽን አድራሻውን ቢጠራ የሚመልስለት ስለማይኖር ይቆለፋል።

ከዚህ በኋላ በ18ኛው ቀን፣ ግንቦት 22 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ዘጋ። ምክንያቱ ብሔራዊ ፈተና ነበር። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተሰርቆ በማኅበራዊ መገናኛ ተበትኖ ነበርና እንዳይደገም ነው ተባለ። አንድ የፈተና ጥራዝ ከመጋዘን የሚያወጣ እጅ አላቸው፤ ያንን እጅ መያዝ ሲያቅታቸው መቶ ሚሊዮን ሕዝብ የሚገናኝበትን መስመር ቆረጡ። የዓለም ባለሙያ ሁሉ «ዛሬውኑ ጥገናውን ጫኑ» እያለ በሚጮኽበት ሰሞን በእኛ አገር ጥገናውን ማውረድም፣ የትሉን ማስቆሚያ አድራሻ መጥራትም የማይቻልባቸው ቀናት ነበሩ። ይህን ያደረገው መንግሥት በዚያን ጊዜ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነበር፤ አዋጁም የወጣው ስለ ጸጥታና ደኅንነት ተብሎ ነው።

«መስመሩ ሲዘጋ ትሉስ ከየት ይገባል?» የሚል ተከራካሪ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንዲህ የሚል ሰው ፍላሽ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። በ2001 ዓ.ም. የተነሣውን ኮንፊከርን የሚያስታውስ ያስታውስ፤ የእርሱም መግቢያ የዊንዶውስ ኔትወርክ አገልግሎት ላይ የነበረ ቀዳዳ ነው፤ ጥገናውም ከትሉ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። በኔትወርክም በፍላሽም ነበር የሚተላለፈው። ሌላ ከተማ ላይ የታመመ ላፕቶፕ በአውቶቡስ መጥቶ ከቢሮው ስዊች ጋር ሲያያዝ የኢትዮ ቴሌኮምን ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ የኢንተርኔት መዘጋት የሚያስቀረው መድኃኒቱን ነው፤ በሽታው በአውቶቡስ ይመጣል።

እስቲ ደግሞ የዚህ ሥራ ባለቤት ወደሆነው ተቋም እንሂድ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ በአሁኑ ስሙ አስተዳደር፣ በ1999 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በአዋጅ ቁጥር 808/2006 ሥልጣኑ ሰፋ። ስሙን ቃል በቃል ለሚያነብ ሰው ተቋሙ የጉንደ ወይንን የፎቶ ኮፒ ቤት ጭምር ሊጠብቅ የቆመ ነው። በተግባር ስሙ ዓለም አቀፍ ዜና የሆነው ግን በሌላ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በየካቲት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ እንደተሞከረ ገለጠ። መንግሥት ካደ። በሰኔ 2007 ዓ.ም. መጨረሻ ኩባንያው ራሱ ተሰብሮ ሰነዶቹ ሲበተኑ የኤጀንሲው ስም ከደንበኞቹ መካከል ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈለው ገንዘብ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደነበረም ተነበበ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ መሣሪያ ተከተለ፤ የዚህኛው ዒላማ ኦኤምኤንና በውጭ የሚኖሩ ተቃዋሚዎች ነበሩ።

አንድ ሚሊዮን ዶላር! በዚያ ገንዘብ በየዞኑ ከተማ ጥገናዎችን እያወረደ ለወረዳዎች የሚያድል ሰርቨር ቢቆም ስንት ይቆም እንደነበር አንባቢ ያስላ። እኔን የሚያበሳጨኝ ግን ብሩ ብቻ አይደለም። የስለላ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚኖረው ባልተደፈነ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው በተደፈነ ዕለት መሣሪያው ያንን መግቢያ ያጣል። ስለዚህ መሣሪያውን የገዛ መንግሥት፣ ወደደም ጠላም፣ ቀዳዳው ሳይደፈን እንዲቆይ ጥቅም አለው ማለት ነው። ጠባቂ ተብሎ የተቀጠረው ሰው ከሌባ ጋር አንድ ዓይነት መክፈቻ ገዝቶ መያዙ አይደንቅም? መክፈቻው ደግሞ በአንድ እጅ አይቀርም። የሃኪንግ ቲም ሰነዶች ሲበተኑ አብረው የወጡትን የአዶቢ ፍላሽ ቀዳዳዎች ወንበዴዎች በቀናት ውስጥ ሥራ ላይ አዋሏቸው፤ አሜሪካኖቹ የደበቁትም ዋናክራይን ወለደ።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ ተቋሙ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከግብጽ የተነሣ ጥቃት ማክሸፉንም ተናግሯል፤ ይመስገን። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም ከተቋሙ መሥራቾች አንዱ ስለነበሩ ቀዳዳ ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳቸው አያሻም። ታዲያ የሚያውቅ ሰው ሥልጣን ሲይዝ የመስመር ቆረጣው ቀረ? በሰኔ 2011 ተቆረጠ፤ በሰኔ 2012 ማብቂያ ተቆረጠ፤ ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ጨለማ ውስጥ ገባች፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ተራ ሆነ፤ ለብዙ ወራትም በሞባይል ኢንተርኔት ማግኘት ሕልም ሆነ። ስለ ጦርነቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው ማንም ያልቆጠረውን ኪሳራ ነው። በእነዚያ ወራት በክልሉ የተኛው ብዙ ኮምፒውተር፣ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ይሁን የመሬት አስተዳደሩ መዝገብ፣ አንድም ጥገና ሳይደርሰው ሰነበተ። መስመሩ በተከፈተ ዕለት እነዚህ ማሽኖች ወራት ያስቆጠረ ቀዳዳ ይዘው ነው ወደ ዓለም የወጡት።

በዚያው የጥምቀት ሰሞን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የፎቶ ኮፒ ቤቱን ማሽኖች ከጠገንኩ በኋላ ነገሩ አሳሰበኝና ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጎራ አልኩ። የየትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ኃላፊው ደግ ሰው ናቸው። አራት ኮምፒውተሮች በአንድ ስዊች ተያይዘው አንድ ፕሪንተር ይጋራሉ፤ በውስጣቸው የብዙ ሺህ ገበሬ ጉዳይ ተቀምጧል። ጥገናውን በፍላሽ ይዤያለሁ፣ ዋጋ አልጠይቅም፣ በአንድ ሰዓት እጨርሳለሁ አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን የመንግሥት ንብረት ነው፤ የዞን ባለሙያ ሳይመጣ ማንም አይነካውም» አሉኝ።

«የዞኑ ባለሙያ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሲበላሽ ነዋ!»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። እርሳቸውን ግን አልወቅስም። ማንም የማያውቀው ሰው ፍላሽ ይዞ መጥቶ የመንግሥት ኮምፒውተር ላይ ልጫን ሲል እምቢ ማለታቸው በራሱ ትክክል ነበር። የሚወቀሰው፣ ለእርሳቸው የታመነ ጥገና በታመነ እጅ እንዲደርስ ያላደረገው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳ ኔት የሚባል ታላቅ ፕሮጀክት ታቅዶ ነበር፤ ከ600 የማያንሱ ወረዳዎችን በሳተላይትና በፋይበር ከማዕከል ጋር ያገናኛል ተባለ። ካድሬው በስክሪን ፊት ተሰልፎ ከአዲስ አበባ መመሪያ የሚቀበልበት መስመር መሆኑን ደጋግመን ሰማን። ትእዛዝ ለማውረድ የበቃ መስመር ጥገና ለማውረድ እንዴት ያንሳል? ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ሰርቨር ቢኖር አንድ ጊዜ ያወረደውን ለምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች ሁሉ ያድላል፤ መስመር በሌለበት ወረዳም ባለሙያው በፍላሽ ይዞ ይዞራል፤ የመጀመሪያውን ኤስ.ኤም.ቢ. ያጠፋል፤ 445ን ከውጭ ይዘጋል። ለዚህ ሁሉ ሳተላይት አያስፈልግም፤ የአውቶቡስ አበል ይበቃል።

እኛም የከተማ ተማሪዎች ንጹሓን አይደለንም። የተሰበረ ዊንዶውስ ጭነን፣ አፕዴቱን ዘግተን፣ «ፎርማት አደረግሁልህ» እያልን ለዘመዶቻችን ወደ ገጠር የላክነው እኛ ነን። ሊኑክስ ብንጠቀም ይህ ሁሉ ባልመጣ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ሐሳባቸውን እወዳለሁ፤ ግን በዚያው በግንቦት 2009 ዓ.ም. የሊኑክሱ ሳምባ፣ ያንኑ ቋንቋ የሚናገረው ፕሮግራም፣ ለሰባት ዓመት ያህል ተደብቆ የኖረ ቀዳዳ እንዳለበት ታውቆ ተጠግኗል። የማይቀደድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የለም። ልዩነቱ ጥገናው ከባለቤቱ ደጅ መድረሱና አለመድረሱ ላይ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዊንዶውስ ቴን መደበኛ ነጻ ጥገና አበቃ፤ በየቢሮው ዛሬም እርሱን የሚያሄዱት ማሽኖች ምን እንደሚደረጉ የሚያስረዳን የመንግሥት አካል እየጠበቅሁ ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያን ዕለት እንዴት እንዳለቀ አልነገርኳችሁም። ጥገናውን ከላፕቶፔ ገልብጬ በሁለቱም ማሽኖች ላይ ጫንኩት፤ አሮጌውን ኤስ.ኤም.ቢ. አጠፋሁት፤ ማሽኖቹ ጠፍተው ሲነሡ ፕሪንተሩም ሠራ፣ ስክሪኑም አልጠቆረም። ልጁ የአጎቴን አቤቱታ አትሞ ከሰጠኝ በኋላ ፋይሉን ፊልሞቹ ካሉበት ፎልደር አጠገብ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ይህን ለደንበኛ ብጭን ማስከፈል ነውር ነው?»

«አስከፍል» አልኩት።

ከጥምቀት ማግስት ስመለስ በግድግዳው ዝርዝር ላይ ከፊልሞቹ ግርጌ በእስክሪብቶ የተጨመረ መስመር አየሁ፦ «የኮምፒውተር ቀዳዳ እንደፍናለን፣ 10 ብር»።